«የሰው ወርቅ አያደምቅ»፦ የተማሪ ቤት ጃኬትና የአባባሉ ትርጉም

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ላይ ላዩን ሲታይ ነገሩ ስለ ጌጥ ነው። የራስህ ያልሆነ ነገር አያምርብህም፣ በተውሶ አትኩራራ ማለት ነው። እናት ለልጇ ትለዋለች። ጓደኛም ጓደኛውን ይተርትበታል። ዛሬም ድረስ በየቀኑ የምንሰማው አባባል ነው።

እኔ ግን ይህን አባባል ከሠርግ ቤት ይልቅ የሚያስረዳው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ ደግሞ የ1950ዎቹ መጨረሻና የ1960ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ተማሪ ቤት። (ዓመቶቹን የምጠራው በእኛው አቆጣጠር ነው።) አፍሮ የሚበጠርበት፣ ቤል ቦተም የሚለበስበት፣ ሚኒ ስከርት ሰፈር የሚያነጋግርበት ዘመን ነበር። ያኔ ተማሪው ልብስ ይዋዋሳል። ስለዚህም አባባሉ ከአፍ አይጠፋም ነበር።

መጀመሪያ ግን ወደ መነሻው እንሂድ።

ተረትና ምሳሌ የወጣበትን ኑሮ ራሱ ይናገራል። ይህኛው የሚናገረው ጌጥ ብርቅ ስለነበረበት ኑሮ ነው። ድሮ ወርቅ በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጌጥ ነበር። ሌላው ሰው የሚያጌጠው በብር ነው። ድሪው፣ አልቦው፣ የአንገት መስቀሉ ሁሉ ብር ነበር፤ ብዙውም ከማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ። ወርቅ ያለበት ቤት በአገር ምድሩ ይታወቃል። ሙሽራ ስትዳር ወይም በዓል ሲመጣ የሌለው ካለው ይዋሳል። መዋስ ነውር አልነበረም። ዘመድ ለዘመድ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያደርገዋል።

ታዲያ ለምን «አያደምቅ» ተባለ? ወርቅ እኮ ማንም አንገት ላይ ቢሆን ያብለጨልጫል። ችግሩ ያለው ከሚያየው ሰው ዘንድ ነው። ሠርገኛው ያ ድሪ የማን እንደሆነ ያውቃል። ልጅቷ ስታልፍ «የእትዬ እገሊት ድሪ አይደል እንዴ?» ይባባላል። በዚያች ቅጽበት ድምቀቱ ከልጅቷ ላይ ተነሥቶ ወደ ባለቤቲቱ ይሄዳል። ልጅቷ አጊጣለች፤ የተመሰገነችው ግን ሌላ ሴት ናት። አባባሉን የማነበው እንዲህ ነው። ሁሉም ሰው ሁሉን በሚያውቅበት ሰፈር የተዋስከው ነገር የሚያስመሰግነው ባለቤቱን ነው።

ከዚህ ጎን ደግሞ ሌላ አባባል አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል። በጥምቀት ዕለት ሳይዘንጡ መውጣት አይታሰብም ማለት ነው። እንግዲህ ድሃ በሁለቱ መካከል ተይዟል። አንዱ ለበዓሉ ልበስ ይለዋል። ሌላው በሰው ልብስ አትደምቅም ይለዋል። የራስ ልብስ ከሌለ ምን ይደረግ? ለዚህ መልስ የፈለገው የተማሪው ትውልድ ነው።

እስቲ ያን ዘመን እናስበው። አዲስ አበባ ውስጥ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ፣ ተፈሪ መኮንን፣ እቴጌ መነን፣ የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ መድኃኔ ዓለም። በእደ ማርያም ደግሞ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዙን እየመረጠ ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃል። አንድ ክፍል ውስጥ የሚኒስትር ልጅና የዘበኛ ልጅ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ጊዜ ነበር። የባላባት ልጅ በመኪና ይመጣል። ከጎኑ ያለው ከአጎቱ ቤት ተጠግቶ፣ ከሽሮ ሜዳ ወይም ከጉለሌ በእግሩ ነው የሚመጣው። የከተማ ልጅና የገጠር ልጅ፣ አራዳውና «ፋራው» የሚገናኙት እዚያ ነው። ልብስ ትልቅ ጉዳይ የሆነውም ለዚሁ ነው። ሌላው ልዩነት በቃላት ይሸፈናል፤ ልብስ ግን ከበሩ ጀምሮ ይታያል።

ፋሽኑ ከየት መጣ ቢባል በብዙ በር ነው የገባው። ሲኒማ አለ። የሙዚቃ ሸክላ አለ፤ የሸክላው ሽፋን ላይ ዘፋኙ የለበሰው ይታያል። ከ1955 መስከረም ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት፣ ማለትም «ፒስ ኮር»፣ በየሁለተኛ ደረጃው እየገቡ ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው ብዙም የማይበልጡ ወጣቶች ናቸው፤ አለባበሳቸው ይታያል፣ ይቀዳል። አፍሮው የመጣው ከጥቁር አሜሪካውያን ትግል ጋር ነው። ለብዙ ተማሪ ደግሞ ፀጉር ብቻ አልነበረም፤ በራስ መልክ መኩራት ነበር። ይህን የሰው ወርቅ ማለት ይከብደኛል፤ በራሱ ራስ ላይ የበቀለ ፀጉር ነውና።

ልብሱ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የተማሪው ብልሃት የሚመጣው።

አንድ ተማሪ አንድ ደኅና ሱሪ ቢኖረው ነው። ቴትሮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሆነ እሰየው፤ መስመሩ ቶሎ አይጠፋም። ማታ ውሃ ረጨት ረጨት ያደርገውና በመስመሩ አጥፎ ፍራሽ ሥር ያስገባዋል። ሌሊቱን ተኝቶበት ጠዋት የተተኮሰ ሱሪ ይለብሳል። ሲተኛ እንዳይገላበጥ መጠንቀቅ ነው፤ ከተገላበጠ ሁለት መስመር ይወጣል። የከሰል ካውያ ያለበት ቤት የሚኖር ጓደኛ ካለ ደግሞ እሑድ ማታ ወደዚያ ይኬዳል።

ጠባብ ሱሪ የነበረው ፋሽኑ ሲቀየር አይጥለውም። ልብስ ሰፊ ዘንድ ይወስደዋል። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ይተረተርና ጨርቅ ተጨምሮበት ቤል ቦተም ይሆናል። የተጨመረው ጨርቅ ከሱሪው ቀለም ጋር ካልተስማማ ግን ጉድ ነው። ኮሌታ ያለቀ ሸሚዝ ኮሌታው ይገለበጣል። ኮት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። የደበዘዘው ፊት ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ያልተነካው የውስጡ ገጽ ወደ ውጭ ይወጣል። ኮቱ አዲስ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ያጋልጠዋል፤ በግራ ደረት የነበረው ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል። የተማሪ ዓይን ደግሞ ቀድሞ የሚያየው ያንን ነው።

መርካቶ ሄዶ ሳልቫጅ የሚገዛም ነበር። ባሕር ማዶ የተለበሰ ልብስ ነው፤ ታጥቦ ተተኩሶ ሲለበስ ከአዲስ የማይለይ ይገኝበታል። ጫማ ግን ያስቸግራል። ሸራ ጫማ የብዙው ተማሪ ጫማ ነበር። ቆዳ ጫማ ያለው ሶሉን እያስቀየረ ዓመታት ይገፋዋል።

ሴቶቹም የራሳቸው ብልሃት ነበራቸው። ከቤት ሲወጡ ጉርድ ቀሚሱ ጉልበት ይሸፍናል። አባት አይተው ይረካሉ። መንገድ ላይ ከወገቡ ጠቅለል ጠቅለል ይደረጋል፤ ትምህርት ቤት በር ሲደርሱ ሚኒ ሆኗል። ማታ ሲመለሱ ይፈታል። ፀጉር ደግሞ ቅዳሜ ይተኮሳል። አንዷ ያንዷን ሹራብ፣ ሌላዋ የሌላዋን ታኮ ጫማ ትዋሳለች።

ይህ ሁሉ ብልሃት የማይበቃበት ቀን አለ። የወላጆች ቀን፣ የክፍል ጓደኛ ቤት ፓርቲ፣ የቅዳሜ ሲኒማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቶ የሚነሡበት ቀን። ያን ጊዜ መዋስ የግድ ይሆናል።

«ስማ፣ ያቺን ጃኬትህን ለቅዳሜ ስጠኝማ።»

«ለቅዳሜ ለሌላ ሰው ሰጥቻታለሁ። እሑድ ከሆነ ውሰዳት።»

አንድ ጥሩ ጃኬት በወር ውስጥ ስንት ትከሻ እንደሚዞር ማሰብ ነው። የተጻፈ ባይሆንም ደንብ ነበረው። ያዋሰህን ሳታስፈቅድ ለሦስተኛ ሰው አታስተላልፍም። ስትመልስ አጥበህ፣ ተኩሰህ ነው። ቀለም ከነካው ወይም ከተቀደደ ሳትደብቅ ትናገራለህ። ሌላ ቀን ደግሞ አንተም በተራህ ያለህን ታውሳለህ፤ ልብስ ከሌለህ የሒሳብ ደብተርህን ታውሳለህ። ይህን መዋዋስ አደንቃለሁ። የብዙ ሰው ጓደኝነት የጸናው በዚህ ነው።

ፎቶ ቤቶችም ነገሩ ገብቷቸው ነበር። ግድግዳው ላይ ኮትና ክራቫት ተሰቅሎ ይጠብቃል። ተማሪው ይገባል፣ ኮቱን ከሸሚዙ ላይ ደርቦ፣ ክራቫቱን አስሮ ይነሣል። ፎቶው ከወገብ በላይ ስለሆነ ከታች ያለው ሸራ ጫማ አይታይም። ከዚያ ፎቶው ይታጠብና ጀርባው ላይ «ለማይረሳኝ ጓደኛዬ ለማስታወሻ» ተብሎ ይጻፍበታል። የዚያ ዘመን አልበሞችን ያገላበጠ ሰው ተመሳሳይ ኮት በተለያየ ልጅ ላይ ቢያገኝ አይገረም። ያ ኮት የፎቶ ቤቱ ነው።

አሁን ወደ አባባሉ እንመለስ። በተማሪ ቤት ግቢ ውስጥ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» በሦስት ዓይነት መንገድ ይነገር ነበር ብዬ አስባለሁ። የሦስቱም ትርጉም አንድ አይደለም።

አንደኛው የባለቤቱ ነው። ጃኬቱን ያዋሰው ልጅ ፓርቲው ላይ አብሮ አለ እንበል። የተዋሰው ልጅ ከአንዲት ቆንጆ ጋር ቆሞ ያወራል። ባለቤቱ ከወዲያ ይመጣና «ግድግዳው ላይ አትደገፍ፣ ጃኬቴን ኖራ ታስነካዋለህ!» ይላል። አበቃ። ልጁ ሙቀቱ ሁሉ ይጠፋል። አባባሉ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። ያደበዘዘው ግን ጃኬቱ አልነበረም፤ ያዋሰው ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ነው ይህ አባባል ተዋሹን ብቻ የሚመክር የማይመስለኝ። ያዋሰም ሰው ዝም ማለት ይገባዋል። ሰጥቶ የሚያሳጣ ከመጀመሪያው ባይሰጥ ይሻላል።

ሁለተኛው የእናት ነው። እናት ልጇ የሰው ልብስ ለብሶ ሲወጣ ታየዋለች። «ልጄ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ያለህን አጥበህ ልበስ» ትለዋለች። ይህ ስድብ አይደለም። እናት የምትፈራው ልጇ አንገቱን እንዳይደፋ ነው። ደግሞም የተዋሰው ቢበላሽ የሚከፈለው ከእሷ መቀነት ነው። የእናት አባባል ውስጥ ፍቅርም ሒሳብም አለ።

ሦስተኛውን አልወደውም። ድሃ ተማሪን ለማሸማቀቅ የሚነገረው ነው። ልጁ ለወላጆች ቀን ግጥም እንዲያነብ ተመርጧል፤ የጓደኛውን ኮት ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣል። ከኋላ ያለው ረድፍ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያለ ይሳሳቃል። እዚህ ላይ አባባሉ ያለ ቦታው ነው የተነገረው። አባባሉ የሚገሥጸው የሌላውን ይዞ የራሴ ነው የሚለውን፣ በእሱም ሰው ላይ የሚኮራውን ነው። ልጁ ግን ሊኮራ አልለበሰም። ሰው ፊት በክብር ለመቆም ነው የለበሰው። የጠቅላይ ግዛት ልጆች ብዙዎቹ በአንድ ሸሚዝ ዓመት እየገፉ በፈተና አንደኛ የሚወጡ ነበሩ። የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት ሲለጠፍ የቤል ቦተሙን ስፋት የጠየቀ የለም።

አባባሉ ከግቢ ወጥቶ የአገር ጉዳይ የሆነበትም ጊዜ አለ። መጋቢት 1960 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ሚኒ ስከርትን ጨምሮ የጊዜው የምዕራብ ልብስ የሚታይበት ነበር። ተማሪዎች ተቃወሙት። «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ የሆነ እንቅስቃሴ ነው። ገበሬው ተርቦ ሳለ የባሕር ማዶ ልብስ ማሳየት ምን ይባላል፣ ይህ የባህል ወረራ ነው አሉ። ነገሩ ወደ ግርግር ተለወጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ።

የተቃውሞው ክርክር በአንድ አባባል ይጠቅለል ቢባል «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ጌጥ እኛን አያስከብረንም፤ የሚያስከብረው ባለቤቱን ነው ማለት ነው። ክርክሩ ክብደት አለው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስቆጨኛል። ተቃዋሚው ወንድ ራሱ ሱሪና ኮት ለብሷል። ሱሪውም ኮቱም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የወንዱ ልብስ ሥልጣኔ፣ የሴቷ ልብስ ወረራ የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? ቁጣው ያረፈው ትርዒቱን ባሳዩትና ሊያዩ በመጡት ሴቶች ላይ ነው። አባባሉ ለሁለቱም እኩል ካልተነገረ ፍርድ አይሆንም።

ከዚያ ዘመኑ በፍጥነት ተለወጠ። ተቃውሞው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደ፤ ትምህርት እየተቋረጠ፣ እየተከፈተ ዓመታት አለፉ። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር ዘመቱ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ነበሩ። ሁሉም ካኪ ለበሰ። የሚኒስትሩ ልጅም፣ የዘበኛው ልጅም ያው ካኪ ነው። የጃኬት መዋዋስ ለጊዜው ቀረ።

ዛሬስ አባባሉ የት ይነገራል? ልብስ ላይ መነገሩ ቀንሷል። ሳልቫጁ «ቦንዳ» ሆኗል፤ በየገበያው አለ። ለሠርግ ቬሎ መከራየት የተለመደ ነው፤ «የሰው ነው» ብሎ የሚያማ የለም። ለሙሽሮች የሚሰለፉት መኪኖችም ኪራይ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ከተማው ሰፍቷልና የልብሱን ባለቤት የሚያውቅ ዓይን ጠፍቷል። ዓይኑ ሲጠፋ አባባሉም ከልብስ ላይ ተነሣ።

በሌላ ቦታ ግን እንደ በፊቱ ሥራውን ይሠራል። በአባቱ ስም የሚመካ ሰው ሲገኝ ይነገራል። የሌላውን ሐሳብ ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ ሲያቀርብ፣ የሌላውን ጽሑፍ ስሙን ቀይሮ ሲለጥፍም እንዲሁ። ተማሪ ቤት ውስጥ ደግሞ ዋና ቦታው ኩረጃ ነው። ይህ አዲስ አይደለም፤ ያኔም ነበር። የጎበዙን ልጅ ወረቀት ገልብጦ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ መምህሩ «ና፣ ሰሌዳው ላይ ሠርተህ አሳየን» ሲለው ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። ክፍሉ በሙሉ ያየዋል። መልሱ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ጃኬት ብትዋስ ትመልሰዋለህ፤ ባለቤቱም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፤ ውሸት የለበትም። የተኮረጀ መልስ ግን አይመለስም። ያዋሰህም ሰው የለም፤ ወስደኸዋል እንጂ አልተዋስከውም። አሁን አሁን የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ አጽፎ ጋዋን የሚለብስ ተማሪ እንዳለ ይወራል። ጋዋኑ የተከራየ መሆኑ ምንም ችግር የለበትም፤ የብዙው ተማሪ ጋዋን ኪራይ ነው። አባባሉ የሚነገረው እጁ ላይ ስላለው ወረቀት ነው።